የሙታን ክብርና የሕያዋን ግዴታ
(ከጅቡቲ ከተማ የሚላክ የዘወትር ጽሑፍ)

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ዓምድ ለተወለደ ሕፃን ስም እንዴት እንደሚወጣለት ተነጋግረን ነበር። በዛሬው ጽሑፋችን ደግሞ ያ ስም የተሰጠው ሰው ዕድሜውን ፈጽሞ ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ ሕያዋን ስለሚያደርጉለት ክብር ጥቂት ለማለት እናስባለን። ነገሩ የሚያሳዝን ቢሆንም ማንንም ቤት የማያልፍ ነው፤ በተለይም በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ሰው ወዶም ሆነ ሳይወድ የሚገናኘው ጉዳይ ስለ ሆነ አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ ሹማምንትና ጸሐፊዎች እንደምታውቁትም፣ የቋንቋ ስሕተት በሌላ ቦታ ቢያስቅ በለቅሶ ቤት ግን ያቆስላል።

ጅቡቲ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት፣ ኀምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አሸዋ እያነሣ የሚነፍስበት የወደብ ከተማ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ሞት ለኀዘንተኛው ጊዜ አይሰጠውም። በደጋው አገር ዘመድ ከሩቅ እስኪደርስ ድረስ አስከሬን አንድ ሌሊት ቢያድር እምብዛም የሚያስጨንቅ አይደለም። እዚህ ግን ጧት ያረፈ ሰው ከማታ በፊት ወይ መቀበር፣ ወይ ወደ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ መግባት አለበት። ስለዚህ «አስከሬኑን ምን እናድርግ?» የሚለው ጥያቄ በሌላ አገር በእርጋታ የሚመከርበት ሲሆን፣ በዚህ ከተማ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይወሰናል። ውሳኔውም ሦስት ነገር ነው፤ እዚሁ ይቀበር? በመድኃኒት ተጠብቆ ወደ አገሩ ይላክ? ዘመድስ በማን አፍ ይረዳ?

አስከሬን እንዳይፈርስ አድርጎ የማቆየት ጥበብ የዛሬ ሰው ያመጣው አይደለም። በዚህ ሥራ በጥንት ዘመን እጅግ የታወቁት ግብፃውያን ናቸው። እነርሱ ነፍስ ከሥጋ ከተለየች በኋላ ተመልሳ የምታርፍበት አካል ያስፈልጋታል ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ የሟቹን አንጎልና የሆድ ዕቃ አውጥተው፣ ሥጋውን ናትሮን በሚባል የጨው ዓይነት ሸፍነው ያደርቁትና፣ በመጨረሻ በተልባ እግር ጨርቅ እየጠቀለሉ ይገንዙት ነበር። ጠቅላላው ሥራ 70 ቀን ያህል ይፈጅ ነበር። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው ሥራው እንደ ከፋዩ አቅም በሦስት ደረጃ የተከፈለ ሲሆን፣ ለባለጸጋው በሚደረገው ከፍተኛ ደረጃ የሆዱን ባዶ ቦታ በተወቀጠ ከርቤና በሌላ ሽቱ ይሞሉት ነበር። ድኻው ግን በትንሽ ዋጋ በሚደረገው ይበቃው ነበር። የቀብር ወጪ የሀብት መለኪያ የሆነው እንግዲህ ዛሬ አይደለም ማለት ነው።

ከርቤው ከየት ይመጣ እንደ ነበር ማወቅ ደግሞ ለእኛ ደስ ያሰኛል። ዛሬ 3,500 ዓመት ያህል ሆኖታል፤ ሐትሼፕሱት የተባለችው የግብፅ ንግሥት ፑንት ወደሚባል አገር መርከቦች ልካ ከርቤና ዕጣን፣ እንዲሁም ሥራቸው ያልተቆረጠ የከርቤ ዛፎች አስመጥታለች። የዚህም ታሪክ ሥዕል በዴይር ኤል ባሕሪ በሚገኘው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይታያል። ፑንት የት እንደ ነበረ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል፤ አብዛኞቹ ግን በደቡባዊው ቀይ ባሕርና በአፍሪቃ ቀንድ ጠረፍ፣ ማለት እኛ በምንኖርበት አካባቢ እንደ ነበረ ይስማማሉ። ስለዚህ የዚህ በረሓ ዛፍ ሙጫ በሺሕ የሚቈጠር ዓመት ለቆየ የሙታን ክብር አገልግሏል ማለት ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርንበት ጊዜ መምህሮቻችን አጥብቀው ያስጠኑን የነበረው የዮሴፍ ታሪክ ከዚህ ነገር ጋራ ይገናኛል። አባቱ ያዕቆብ በግብፅ ባረፈ ጊዜ ዮሴፍ ባለመድኃኒቶቹን አዝዞ አስከሬኑን በሽቱ አሳሸው፤ ይህም 40 ቀን ፈጀ። ከዚያም ያዕቆብ በሕይወት ሳለ ባስማለው መሠረት ሬሳውን እስከ ከነዓን ድረስ ወስዶ ከአባቶቹ ጋራ ቀበረው። ዮሴፍ ራሱም ሲሞት እንደዚሁ ሆኖ በሣጥን ተቀመጠ፤ አጥንቱንም ከብዙ ዘመን በኋላ ሙሴ ይዞት ወጣ። አስከሬንን በመድኃኒት አቆይቶ ወደ ትውልድ አገር የመውሰድ ነገር በጽሑፍ ከሚታወቁት ጥንታውያን ምሳሌዎች አንዱ ይኸው ነው። ልብ ብለን ብናየው ዮሴፍ ሽቱውን የፈለገው ሥጋው ለዘላለም እንዲኖር ብሎ ሳይሆን፣ ለአባቱ የገባውን ቃል ለመፈጸም የሚያስችል ጊዜ ለማግኘት ነበር። ለዛሬውም ሰው ጥያቄው ይኸው ነው፤ መድኃኒቱ የሚገዛው ጊዜን ነው እንጂ ሕይወትን አይደለም።

በአገራችን ልማድ የሟችን ሥጋ ከፍቶ በቅመም መሙላት የተለመደ አይደለም። በክርስቲያኑ ዘንድ አስከሬን ይታጠባል፤ እጁና እግሩ ይሰበሰባል፤ አውራ ጣቶቹ ይታሰራሉ፤ በነጭ ጨርቅ ይገነዛል፤ በጥንት ጊዜም በሰሌን ይጠቀለል ነበር። ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐት ያደርሱና ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ተደርጎ ይቀበራል። ከዚያም ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት እየተባለ ይታሰባል። ከእነዚህ ውስጥ በሕዝቡ ዘንድ የገነነው የአርባ ቀኑ ተዝካር ነው።

ይህም ሆኖ አስከሬን ሳይፈርስ የቆየባቸው ቦታዎች በአገራችን አልታጡም። በላሊበላ አቅራቢያ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚባለው የዋሻ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ብዙ አስከሬኖች በዋሻው ደረቅነት ተጠብቀው ይገኛሉ። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ደግሞ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል አስከሬን በመስተዋት ሣጥን ተቀምጦ ይታያል። ገዳማውያኑ ለዘመናት የጠበቁት ሥጋውን ብቻ አይደለም፤ «ይህ እገሌ ነው» የሚለውን ምስክርነትም ጭምር ነው። ስም የሌለው አስከሬን ለማንም የማይነገር አፈር ነውና።

ነገሥታት እንኳ ሳይቀሩ ክብራቸውን በጊዜው ሳያገኙ የቀሩበት ዘመን አለ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. በመተማ ቆስለው ካረፉ በኋላ አስከሬናቸውን ወደ ትግራይ ይዘው ይሄዱ የነበሩት ታማኞቻቸው በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደርቡሾች ደርሰውባቸው፣ ብዙዎች ሲከላከሉ አለቁ፤ የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። እኔ በተወለድሁበት አገር ሽማግሌዎች ይህን ሲያነሡ ከጦርነቱ መሸነፍ ይልቅ ይህ ነገር ያስለቅሳቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ 2ኛ ደግሞ በታኅሣሥ ወር 1906 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ዕረፍታቸው ለሕዝብ ሳይነገር አስከሬናቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ባለው በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት በስውር ቆየ፤ በኋላም ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት በበዓታ ለማርያም ገዳም ዐረፈ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ ወር 1967 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ አጽማቸው ከቤተ መንግሥት ወለል ሥር የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረው በጥቅምት ወር 1993 ዓ.ም. ነው። ከዕረፍታቸው እስከ ሥርዓተ ቀብራቸው 25 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነገር ነው። ልጁ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመት ዕድሜው በሊድስ ከተማ አረፈ፤ በዊንድሶር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። የኢትዮጵያ መንግሥት አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠየቀ፤ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ግን በ2015 ዓ.ም. በሰጠው መልስ፣ በአጠገቡ የተቀበሩትን ሳይነኩ አጽሙን ማውጣት አይቻልም ብሏል። በቀብሩ ቦታ ክብር አልጐደለበትም፤ ነገሥታት ባሉበት ተቀብሯልና። የጐደለበት ነገር ቢኖር የሚያለቅስለት ዘመድ በአጠገቡ አለመኖሩ ነው። ከዚህም ውስጥ አንድ ትምህርት እናገኛለን፤ የድንጋዩ ማማር ብቻውን ክብር አይሆንም።

ወደ ዛሬው ጥበብ እንመለስ። በአማርኛ ለዚህ ሥራ አንድ የተወሰነ ቃል የለንም፤ አንዳንዱ «አስከሬን ማድረቅ» ይለዋል፣ አንዳንዱም «በመድኃኒት ማቆየት» ይላል። ትክክለኛው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም በዛሬው አሠራር ሥጋው አይደርቅም። ባለሙያው በአንገት በኩል ያለውን ትልቅ የደም ሥር ከፍቶ ፎርማሊን ያለበትን መድኃኒት ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ደሙም በሌላ ሥር በኩል ይወጣል። መድኃኒቱ በሥጋው ውስጥ ተሠራጭቶ የሚያበሰብሱትን ረቂቃን ተሕዋስያን ይገድላል፤ ሥጋውንም ያጸናዋል። በደም ሥር በኩል መድኃኒት የማስገባቱ አሠራር በሰፊው የታወቀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነው፤ በሩቅ የወደቁ ወታደሮች ወላጆች የልጆቻቸውን አስከሬን ይፈልጉ ስለ ነበር። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በ1865 በተገደሉ ጊዜም አስከሬናቸው በዚሁ ዘዴ ተጠብቆ ከዋሽንግተን እስከ ስፕሪንግፊልድ በባቡር ሲጓዝ ሕዝቡ በየከተማው ወጥቶ ተሰናብቷቸዋል። እንግዲህ ይህን ጥበብ ያስፋፋው የሀብት ትምክሕት ሳይሆን የወላጅ ናፍቆት ነበር ማለት ይቻላል።

አስከሬን ከአንድ መንግሥት ግዛት ወደ ሌላው ሲሻገር ደግሞ የሚጠበቅ ሕግ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1937 በበርሊን የተፈረመው ስምምነት ብዙ መንግሥታት ላወጡት ደንብ መሠረት ሆኗል። በዚህ መሠረት የሟቹ ስም፣ ዕድሜ፣ የሞተበት ቦታ፣ ቀንና ምክንያት የተጻፈበት የአስከሬን ማለፊያ ወረቀት ያስፈልጋል። የውስጡ ሣጥን ፈሳሽ የማያሳልፍ መሆን ይገባዋል፤ በውስጡም የሰጋቱራ ወይም የከሰል ዱቄት ዓይነት ርጥበት የሚመጥ ነገር ይነጠፋል። ሣጥኑ የብረት እንደ ሆነ ዙሪያው በብየዳ ይዘጋል፤ ከዚያም በእንጨት ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በየካቲት ወር 1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ካረፉ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በቅድስት ሥላሴ የተቀበሩት፣ በየዓመቱም ከሩቅ አገር የሚመለሱት ስማቸው ያልገነነ ወገኖቻችን ሁሉ የሚመጡት፣ በእንዲህ ያለ ሥርዓት ነው።

የዚህ የጅቡቲ ሕዝብ አብዛኛው እስላም እንደ መሆኑ መጠን ልማዱ ከዚህ የተለየ ነው። በእስልምና ሥርዓት ጀናዛ ሳይዘገይ መቀበር ይገባዋል። አስከሬኑ ይታጠባል፤ ከፈን በሚባል ነጭ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ ምእመናን ቆመው፣ ሩኩዕና ሱጁድ ሳያደርጉ፣ ይሰግዱበታል፤ ከዚያ በቀኝ ጎኑ ፊቱ ወደ ቂብላ ሆኖ ይቀበራል። ያለ አስፈላጊ ምክንያት በመድኃኒት ማቆየትም ሆነ ወደ ሩቅ አገር ማጓጓዝ አይወደድም። የሀብታሙና የድኻው ከፈን አንድ ዓይነት ነው። በበረሓ አገር ይህ ሥርዓት ከአየሩ ጋራ የተስማማ ስለ ሆነ፣ ሙቀቱ የሚያመጣውን ችግር ሳያመጣው ያልፋል። የእኛም አገር እስላሞች የሚፈጽሙት ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ በጅቡቲ አንድ ኢትዮጵያዊ ሲያርፍ «አስከሬኑ ወደ አገሩ ይሂድ» ብሎ ከመቸኮል በፊት ሃይማኖቱንና የቤተሰቡን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን አንድ የሆነ ነገር ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር፣ ከወደቡ ጭነት ለማንሣት የመጣ አንድ የከባድ መኪና ነጂ በድንገት ታሞ አረፈ። ባልንጀሮቹ ወረቀቱን እንዲያዘጋጁ ከታዘዙት ጸሐፊዎች ወደ አንዱ፣ ማለት ወደ እኔ መጡ። ከእነርሱ አንዱ የሟቹ የአገር ልጅ ሲሆን፣ ሌላው የሐረር ሰው እስላም ነበር። የሐረሩ ሰው «ወንድሜ፣ ፀሐዩን ታያለህ፤ ሰውየውን አናሰቃየው፣ ዛሬውኑ ዐፈር እናልብሰው» አለ። የአገሩ ልጅ ግን «እናቱን አውቃቸዋለሁ፤ ሳያዩት ቢቀበር እስኪሞቱ ድረስ በር በሩን ሲያዩ ይኖራሉ» ብሎ መለሰ። ሁለቱም የተናገሩት ከፍቅር ነበር፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም።

በመጨረሻ ሾፌሮቹ ገንዘብ አዋጥተው አስከሬኑ በመድኃኒት እንዲጠበቅና እንዲላክ ተወሰነ። ለማጠብና ለመገነዝ ሰው በታጣ ጊዜ፣ ያ የሐረር ሰው «ጸሎታችሁን አላውቅም፤ ውሃ ማፍሰስ ግን አያቅተኝም» ብሎ ኩስኩስቱን ይዞ ቆመ። የአገሩ ልጅ አጠበ፤ ገነዘ፤ ሣጥኑ ሲዘጋም ቆሞ አየ፤ ከዚያም ከአስከሬኑ ጋራ ሄደ።

ተመልሶ መጥቶ እንደ ነገረን፣ ሣጥኑ ከቤት በደረሰ ጊዜ እናቲቱ «ክፈቱልኝ፤ ፊቱን ሳላየው እንዴት ልቅበረው? ልጄ መሆኑን በምን ልወቅ?» ብለው ጮኹ። ሣጥኑ ግን በብየዳ የተዘጋ ስለ ሆነ አይከፈትም ነበር። በዚያን ጊዜ እርሱ ከእግራቸው ሥር ተንበርክኮ «እማማ፣ እኔ አይቼዋለሁ፤ በእጄ አጥቤዋለሁ፤ በእጄ ገንዤዋለሁ፤ ልጅዎ ነው» አላቸው። እርሳቸውም እጆቹን ይዘው ሳሙ፤ ከዚያ በኋላ ክፈቱልኝ አላሉም።

ውድ አንባብያን፤ እንግዲህ እናቲቱን ያጽናናቸው የፎርማሊኑ ጥበብ ነበርን? የብረቱ ሣጥን ነበርን? መድኃኒቱ አስከሬኑን ከአገሩ አድርሶታል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልባቸውን ያሳረፈው ግን አንድ የታመነ ሰው «አይቻለሁ» ብሎ መመስከሩ ነው። አስከሬኑ እዚሁ ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ እንኳ ይህ ምስክር ሄዶ በነገራቸው ጊዜ የሐዘናቸው ግማሽ በተቃለለ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምልበት ምክንያት ምስክር የሌላቸው ብዙ ሙታን በዚህ አገር ጠረፍ ስላሉ ነው። በኦቦክ በኩል ወደ የመን የሚሻገሩና ከየመን የሚመለሱ ወገኖቻችን በጀልባ እየሰጠሙ ያልቃሉ። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ሁለት ጀልባዎች በጎዶሪያ አጠገብ ተገልብጠው ቢያንስ 52 ሰዎች ሞተዋል። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ወር በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው፣ በመጀመሪያው ቢያንስ 38፣ በሁለተኛው ቢያንስ 24 ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱም ውስጥ ሕፃናት ነበሩ። በመስከረም ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ40 በላይ የሚሆኑ አልቀዋል። ባሕሩ የተፋቸውን የአካባቢው ሰዎች እያነሡ በዚያው በጠረፉ ዐፈር ቀብረዋቸዋል። የማያውቁትን ሰው ሬሳ ተሸክሞ፣ በሙቀት መቃብር ቆፍሮ፣ እንደ ወገን አድርጎ መቅበር ታላቅ ምሕረት ነውና ምስጋና ይገባቸዋል። ስማቸው ግን ከእነርሱ ጋራ ተቀብሯል። በወሎ፣ በትግራይ፣ በጅማ ወይም በአርሲ አንዲት እናት ዛሬም ስልክ ይደወላል ብላ ትጠብቃለች።

አስከሬን ሳይገኝ ማልቀስ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ዱሮ በጦር ሜዳ ለቀረ ሰው ልብሱን፣ ጋሻና ጦሩን፣ ፈረሱንም አቅርበው በፊቱ ያለቀሱበት ጊዜ ብዙ ነው። በሚያዝያ ወር 2007 ዓ.ም. ወንድሞቻችን በሊቢያ በግፍ በተገደሉ ጊዜም በአዲስ አበባ በጨርቆስ ሰፈር ድንኳን ተተክሎ፣ ፎቶግራፋቸው ተይዞ ተለቅሷል። ይሁን እንጂ እንዲህ ለማልቀስ እንኳ መሞቱን ማወቅ ያስፈልጋል። መርዶ ያልደረሰው ቤተሰብ ሣልስት የለውም፣ አርባም የለውም፤ ሚስት መበለት ልትባል አትችልም፤ ርስትም አይከፈልም። ስለዚህ የሰጠመውን ሰው ኪስ ፈትሾ የረጠበውን ወረቀት በጥንቃቄ ማድረቅ፣ በክንዱ ላይ ያለውን ንቅሳት መጻፍ፣ የተቀበረበትን ቦታ ምልክት አድርጎ ቍጥር መስጠት፣ ከተቻለም ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ከሽቱና ከከርቤ የሚበልጥ ክብር ነው። ይህም የጸሐፊ ሥራ ነው።

ስለ ወጪ ነገርም አንድ ቃል ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ተዝካር ለማብላት በሬውን ሸጦ፣ ማሳውን አስይዞ የተበደረ ገበሬ፣ ከሙት ዓመቱ በኋላ ልጆቹን ለማብላት ሲቸገር ያላየ ሰው ጥቂት ነው። የዛሬው ከተሜ ደግሞ በሣጥን ጌጥና በአበባ ብዛት ይወዳደራል። ለዚህ ችግር አባቶቻችን ያበጁት መልካም መድኃኒት እድር ነው። ሁሉም በየወሩ ጥቂት ያዋጣል፤ ሞት በመጣ ጊዜ ጥሩምባው ይነፋል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ቆፋሪውም ተሸካሚውም አይታጣም። ድኻና ሀብታም በአንድ ድንኳን ይለቀስላቸዋል። በባዕድ አገር የምንኖር ሰዎችም አስቀድመን በዚህ መንገድ ተሰባስበን ብንቈይ፣ ሞት በመጣ ቀን በየመኪናው በየሱቁ እየዞርን ገንዘብ ከመለመን እንድናለን። አስከሬን ለመላክ ከሚወጣው ገንዘብ ለሙት ልጆች ማሳደጊያ የሚተርፍ ነገር መኖሩንም አስቀድሞ ማስላት ይገባል። ልጆቹ ቢራቡ ሟቹ አልከበረም።

አሁን እንደ ልማዳችን ወደ ቋንቋው እንለፍ። በአማርኛ «ሞተ» የሚለው ቃል ለሰውም ለከብትም ይነገራል፤ ስለዚህ በኀዘንተኛው ፊት አይመረጥም። ለተራ ንግግር «አረፈ»፣ ለሽማግሌና ለተከበረ ሰው «አረፉ»፣ ለጽሑፍ ደግሞ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» ይባላል። እንደዚሁም «ሬሳ» ከማለት ይልቅ «አስከሬን» ማለት ይሻላል፤ ከዚህም ይልቅ በቤተሰቡ ፊት የሟቹን ስም መጥራት ይበልጣል። «ሬሳው መቼ ይመጣል?» ብሎ ከመጠየቅ «አቶ እገሌ መቼ ይገባሉ?» ማለት እጅግ የራቀ ነገር ነው።

ወደ ኀዘንተኛ ቤት መሄድ «ለቅሶ መድረስ» ይባላል፤ «ለቅሶ መጐብኘት» አይባልም። እዚያም ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር አይደለም፤ ወሬ ማብዛት ግን ነውር ነው። ሲወጡ ለአንድ ወንድ «እግዚአብሔር ያጽናህ»፣ ለሴት «ያጽናሽ»፣ ለታላቅ ሰው «ያጽናዎት»፣ ለብዙዎች «ያጽናችሁ» ይባላል። ለሟቹ «ነፍስ ይማር» ወይም «ዐፈሩ ይቅለላቸው» ይባላል። ለእስላም ቤተሰብ «አላህ ይዘንላቸው፤ ለእናንተም ሰብሩን ይስጣችሁ» ማለት ተገቢ ነው።

የሞትን ወሬ ማድረስ «መርዶ ማርዳት» ነው፤ የሰማውም ሰው «ተረዳ» ይባላል። ይህ «ተረዳ» የሚለው ቃል «ነገሩ ገባው» ለማለትም የሚነገር መሆኑን ልብ በሉ። በእኔ አፍ መፍቻ በትግርኛም «መርድእ» እና «ተረድአ» የሚሉት ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው፤ በግዕዝ ደግሞ «ረድአ» ማለት «ረዳ፣ አገዘ» ማለት ነው። ቋንቋው ራሱ እንደሚያስተምረን፣ መርዶ የሚያደርስ ሰው ማስረዳትም መርዳትም አለበት።

ስለዚህም መርዶ በስልክ ለእናት ወይም ለሚስት አይነገርም፤ በወረቀትም አይጀመርም። አስቀድሞ ለቅርብ ዘመድ ወይም ለሰፈሩ ሽማግሌ፣ ለንስሐ አባት ወይም ለሼኹ ይነገራል፤ እነርሱም ጎረቤቱን ሰብስበው ማለዳ፣ ሰው ሳይበታተን፣ ሄደው ያረዳሉ። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚሄደው ከዚህ በኋላ ነው። ደብዳቤውም አጭር ይሁን፤ ለምሳሌ፦

«ልጅዎ አቶ እገሌ በጅቡቲ ከተማ በሕመም ምክንያት ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩ መሆናቸውን በታላቅ ኀዘን እንገልጻለን። የተረከብናቸውን ንብረቶች ዝርዝር ከዚህ ጋራ አያይዘን ልከናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ እርስዎንም ያጽናዎት።»

በዚህ ደብዳቤ ላይ የሟቹ ስም እስከ አያቱ ሳይዛነፍ መጻፍ አለበት፤ ወረዳውና ቀበሌው መጠቀስ አለበት፤ ሟቹ የተቀበረው እዚሁ ከሆነም የመቃብሩ ቦታና ቍጥር በግልጽ መነገር አለበት። ንብረቱ ሲቈጠር ሁለት ምስክር ይቁም፤ አሮጌ ጫማ እንኳ ቢሆን አይናቅ። ለጸሐፊው አሮጌ ጫማ የሆነው ለእናቲቱ የልጇ እግር ነውና።

አባቶቻችን «ከሞቱ አሟሟቱ» ይላሉ፤ አሟሟታችንን ግን ብዙ ጊዜ እኛ አንመርጠውም። በሕያዋን እጅ ያለው አቀባበሩ፣ አነጋገሩና አጻጻፉ ነው። የግብፅ ነገሥታት በከርቤ ተሞልተው፣ በወርቅ ተሸፍነው ተቀበሩ፤ ዛሬ በቤተ መዘክር የሚያያቸው እንጂ የሚያለቅስላቸው የለም። በአንጻሩ በተራ ነጭ ጨርቅ ተገንዞ፣ ስሙ በትክክል ተጽፎ፣ መርዶው በታመነ ሰው አፍ ለእናቱ የደረሰላት ሰው በእውነት ተከብሯል። እንግዲህ በየመሥሪያ ቤታችሁ የሟች መዝገብ በፊታችሁ በተዘረጋ ጊዜ ብዕሩን ቀስ አድርጋችሁ ያዙ፤ የምትጽፉት ስም የአንድ ቤት ለቅሶ ነውና።

በሚቀጥለው ሳምንት በሰላም ያገናኘን።